የራስን ሹም የማማት ደንብ

ባለፈው ማክሰኞ የደም ግፊቴን ልለካ እዚህ ጋምቤላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አንድ ጎረምሳ የስልኩን ድምፅ ለቆ የአንድ ባለሥልጣን ንግግር ያዳምጣል፤ እያዳመጠም ይሳደባል። ሹሙ የጎረምሳው ወገን እንዳልሆነ ከስሙ ያስታውቃል። እኔ ደንግጬ ግራ ቀኜን አየሁ። ማዶ የተቀመጠች ልጅ ያዘለች ሴት ሳቀችና ሌላ ስድብ ጨመረችበት። እንደ እኔ ከደጋ አገር የመጣ አንድ ባለ ባጃጅ ደግሞ ሁለቱንም አልፎ ከላይ እስከ ታች ያሉትን ሹሞች አንድ ሳያስቀር ሰደባቸው። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልተነሳም። ተራቸው ሲደርስ ወሬውን አቋርጠው ይገባሉ፣ ሲወጡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ደፋሮች ናቸው ልበል ባለጌዎች፣ እስካሁን አልቆረጥኩም። እኔ ሰው በሆንኩበት በረንዳ ላይ ቢሆን ግን ከሦስቱ አንዱ ጫማውን አድርጎ ይሄድ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ግፊት የምትለካው ነርስ አኬሎ ሆና አገኘኋት። አኬሎ የድሮ ጓደኛዬ የኡጁሉ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ኢታንግ ትሠራለች ሲባል ነበር የሰማሁት። “ጋሽ ሰይድ!” ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። “ተዛውሬ መጣሁ እኮ።” ቁመቷም ሳቋም የአባቷ ነው። ጨርቁን ክንዴ ላይ እየጠመጠመች ወሬዋን ቀጠለች። “አባባ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ትንሽ ነገር እናደርጋለን፤ ጸሎት አለ፣ ምግብ አለ። እርስዎ ከፊት ነው የሚቀመጡት። የድሮ ጓደኞቹን በሙሉ እየጠራን ነው፤ ከዚያ ከማታሩ ሰውዬ በቀር።”

“ከኮአንግ?” አልኳት።

“የእሱን ስም እኛ ቤት አንጠራም። አባቴን የሸጠ ሰው ነው። በቃ አሁን አይናገሩ፣ ሲናገሩ ይጨምራል።”

መሣሪያው ነፍቶ ነፍቶ ተነፈሰ። ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። “ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ብዙ ነው። ጨው በልተዋል? እዚያ ጥግ አሥር ደቂቃ አረፍ ይበሉ፤ ደግሜ እለካዎታለሁ።” ጨው አልበላሁም። ኡጁሉን የሸጠው ኮአንግ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ይህን ከእኔና ከፈጣሪ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሹም ነበረ፤ እሱም ከሞተ ቆይቷል። እንደታዘዝኩት ጥጉ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ጋምቤላ የመጣሁት ከወሎ፣ ጢሜ ገና ሳያቀመቅም፣ ሱቅ የነበረው አጎቴ ዘንድ ነው። አጎቴ ሁለት ወር አይቶኝ “አንተ ለንግድ አትሆንም፣ ለሰው ትመርቃለህ” አለና መቀስ አስያዘኝ። ሱቃችን ከድልድዩ ወደ ገበያው የሚያስገባው መንገድ ጥግ ላይ ነበር፤ ዛሬ ሞባይል የሚጠግኑበትና ፎቶ ኮፒ የሚያነሱበት ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ፣ ከበረንዳው ፊት ትልቅ ማንጎ ነበረ። በእግር የምትረገጠዋን የስፌት መኪናዬን ጥላው ሲዞር እያዞርኩ እሠራለሁ። ያኔ የተርጋል ሱሪ ስፌት ስድስት ብር ነው፤ ሳፋሪ ኮት ከነሱሪው ሃያ አምስት። ሁለት ሰው በእንጨት አንጠልጥሎ ከባሮ የሚያመጣው ዓሣ አራት ብር ይሸጣል፤ ተከራካሪ ካለም ሦስት። ማንጎ በገንዘብ የሚገዛ ሰው ቢገኝ ጤንነቱን እንጠረጥር ነበር። ዛሬ አንዱን ማንጎ እንደ እንቁላል በጣታቸው እያገላበጡ ሲሸጡት አያለሁ። ያኔ ሱሪው ከታች ሰፊ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ረጅም፣ ጠጉሩ ጎፈሬ ነበር። ከሱዳን በኩል የሚመጣ ካሴት ገበያው ውስጥ ሲከፈት የመኪናዬን ፔዳል ሳላውቀው በዘፈኑ ምት እረግጥ ነበርና ስንቱን ሰው ጠማማ ስፌት አልብሼዋለሁ። ማንም አልከሰሰኝም፤ ሁሉም በዚያው ዘፈን ነበር የሚሄደው።

በረንዳዬ ላይ ከማይጠፉት መሐል ሁለቱ ልቤ ውስጥ የገቡ ነበሩ። አንዱ ኡጁሉ ነው። የኢታንግ አኙዋክ ሲሆን ሥራው ጤና ረዳት ነበር፤ ካኪ ቁምጣ ለብሶ ነጭ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ይስባል። የቁምጣው መስመር ካልተተኮሰ ከቤት አይወጣም። “ሰይድ፣ ይሄ መስመር ዳቦ መቁረጥ አለበት” ይለኛል፤ እኔም እንዲቆርጥ አደርገዋለሁ። ሁለተኛው ኮአንግ ነው፤ ኑዌር ነው፣ የማታር ነጋዴ። ወንዙ ሲሞላ ደረቅ ዓሣና ቆዳ በጀልባ ጭኖ ይመጣና ሸጦ እስኪጨርስ ሳምንትም አሥር ቀንም ይከርማል። ለኮአንግ ሱሪ ከሌላው ሰው አንድ ክንድ ጨርቅ መጨመር ግዴታ ነው። አንዴ ረስቼ ሳላስረዝም ሰጠሁትና ለብሶ ቁልቁል አየው። “ሰይድ፣ እኔ ወንዝ ልሻገር ነው እንዴ?” አለኝ። ሦስታችን የምንግባባው በአማርኛ ነው። ኡጁሉ የትምህርት ቤት አማርኛ አለው፤ የኮአንግ የገበያ ነው፣ ትልቁንም ትንሹንም “አንተ” ይላል። የእኔ ደግሞ ወሎ ወሎ ይላል እያሉ ሁለቱም ያሾፉብኝ ነበር።

በረንዳው ላይ ፖለቲካ አይወራም ነበር ብል ውሸት ነው። ይወራል፤ ግን ደንብ አለው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አላስተማረውም፤ የሳተው ብቻ ነው የሚማረው። ደንቡ፣ ሰው የሚያማው የራሱን ሹም ነው። አኙዋኩ የአኙዋኩን፣ ኑዌሩ የኑዌሩን፣ እኔ የደገኞቹን። የሌላውን ሹም ማማት፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ የሰው አባት መስደብ ነው። ሌላው ሲያማ አድማጩ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከሚያማው በላይ አይስቅም፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለታማው ሹም አንድ ደህና ነገር ፈልጎ የመናገር ግዴታ አለበት። ኮአንግ በዚህ የተካነ ነበር። እኔ በተራዬ የኛዎቹን፣ ከደጋ ተሹመው መጥተው ወባ ሲይዛቸው በስድስተኛው ወር ዝውውር የሚጠይቁትን፣ አንድ በአንድ አነሳለሁ። ስጨርስ ኮአንግ ጥቂት ያስብና “ግን እናቱን ይጦራል” ይላል። ሌላ ቀን ስለ ሌላው፣ “ግን ሲሄድ ቀስ ብሎ ነው፣ ልጅ አይገጭም።” አንዱን ሹም ግን እንዲህ ሙልጭ አድርጌ አማሁትና ኮአንግ ደህና ነገር ፈልጎ ፈልጎ አጣ። ሻዩን ጨረሰ፣ ወንዙን አየ፣ ማንጎውን አየ። በመጨረሻ “ጫማው ንጹህ ነው” አለ። ኡጁሉ ከበርጩማው ወድቆ ነበር የሳቀው።

ደንቡን የተማርኩት እኔም ስቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኮአንግ ስለ አንድ የራሱ ወገን ሹም ሲያወራ፣ ሰውዬው ሰው ሲቆጥር እንጂ ከብት ሲቆጥር አይሳሳትም ሲል፣ ሳቄን ለቅቄ “እሱማ ከብቱንም የሚቆጥረው የራሱ ሲሆን ነው!” አልኩ። የተናገርኩት ኮአንግ ራሱ ባለፈው ሳምንት ያለውን ነው። ፊቱ ወዲያው ጨለመ። ተነሥቶ ጠርዙ ያልተሰፋ ሱሪውን ከመኪናዬ ላይ አንሥቶ ሄደ። እኔ ምን አጠፋሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኡጁሉ ነው ያስረዳኝ። “አንተ ሰይድ፣ ልጅ አባቱን ቢያማ ቤት ውስጥ ነው፣ አንተ ሰማህ እንጂ አልተጠራህም። ጎረቤት ሲያማው ግን ጠብ ነው። ሂድና ሱሪውን ተቀበለው።” ሄድኩ፣ ሱሪውን ተቀበልኩ፣ በነጻ ሰፍቼ ሰጠሁት። ኮአንግም ሁለተኛ አላነሳውም። ያን ጊዜ ስህተቴ በአንድ ሱሪ ተደመደመ። ደንቡን ያወቅሁ መሰለኝ፤ የማያውቅ ሰው ይጠነቀቃል፣ ያወቀ የመሰለው ነው ገደል የሚገባ።

ኡጁሉ በአንድ ሹም ተቃጥሎ ነበር። ስሙንም ወንበሩንም አልጠራም፤ ልጆች አሉት፣ ልጆቹም አልበደሉኝም። ሹሙ ለኡጁሉ በእናቱ በኩል ዘመድ ነው፣ አንድ መንደር ነው ያደጉት። ለክትባት የመጣችውን ሞተር ጀልባ ሹሙ እንግዶቹን ዓሣ ለማስጠመድ ይወስዳታል፤ ኡጁሉ ደግሞ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ከወንዙ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። በረዶው ይሟሟል፣ መድኃኒቱ ይበላሻል፣ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ይመለሳሉ። “እኔና እሱ አንድ ጡት አልጠባንም እንጂ ከአንድ ማሰሮ በልተናል” ይላል ኡጁሉ። “ታዲያ እንዴት የእነዚያን ልጆች አያይም? ወንድሜ ነው፣ ግን አፈርኩበት።” ይህን ሲል ሳቅ የለውም። እኔና ኮአንግ ራሳችንን ነቀነቅን። ኮአንግ “ግን ሰው ሲሞት ቀድሞ ይደርሳል” አለ፤ እውነትም ይደርስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሹሙ ለትልቅ ስብሰባ የሚለብሰው ሙሉ ልብስ ላሰፋ ብሎ እኔ ዘንድ መጣ። ጨርቁ ከአዲስ አበባ የመጣ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ልስላሴው ዛሬም ድረስ በጣቴ ላይ አለ። በዚህ ሙቀት ሱፍ ይለበሳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሹመት ብርድ ብርድ ይላል መሰል። ሁለተኛ ልክ ሊለካ የመጣ ቀን መስታወቱ ፊት አቆምኩት። ጃኬቱ ገና በክር የተያዘ ነው፤ እኔ ስፒል በአፌ ይዤ ወገቡን እያጠበብኩ ነው። አጃቢው ውጭ ነበር። ሹሙ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና “ሰይድ፣ እናንተ ነጋዴዎች ሁሉን ትሰማላችሁ፤ ሰው እኔን ምን ይለኛል?” አለኝ። በፈገግታ ነው የጠየቀኝ። ስፒሎቹ አፌ ውስጥ ነበሩ፤ አላህ ዝም የምልበትን ምክንያት በጥርሴ አስይዞኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ስፒሎቹን አወጣኋቸው።

ለምን እንደተናገርኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ብር አልፈለግሁም፣ አልፈራሁምም። ትልቅ ሰው እንደ እኩያው አዋርቶኝ ልቤ አብጦ ነበር፤ ደፋር መስዬ መታየት አማረኝ፣ በዚህ ከተማ ያለ እኔ የሚነግርህ የለም ለማለት። “ጀልባዋን ነው የሚያነሱት” አልኩት። “ክትባቱ ተበላሸ ይላሉ።” ፊቱ ትንሽ ጠቆረና “ማነው የሚለው? የእነዚያ ሰዎች ወሬ ነው?” አለ፤ ሌላውን ወገን ማለቱ ነው። ይኼኔ ነው የተሳሳትኩት፤ ከዚያ ወዲህ ጸጸቱ ሲበላኝ ኖሯል። የማረጋጋው መስሎኝ “ኧረ የለም፣ የውጭ ሰው አይደለም! የራስህ ሰው ነው ያማህ” አልኩት። በበረንዳችን ደንብ የራስ ሰው ሐሜት ጠብ አይደለማ! ልጅ አባቱን ቢያማ ቤት ውስጥ ነው። ደንቡ በረንዳዬ ላይ እንጂ መስታወቱ ፊት እንደማይሠራ፣ ሹምን ከሩቅ ጠላት ይልቅ የራሱ ሰው ሐሜት እንደሚያንገበግበው፣ ያን ያህል ዓመት ጋምቤላ ኖሬ አልገባኝም ነበር። ሹሙ ሳቀ። “የጤናው ሰውዬ ነው አይደል? ነጭ ካልሲው?” አለኝ። እኔ ስም አልጠራሁም። ስፒሎቹን መልሼ አፌ ውስጥ ከተትኩና በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አልኩለት።

ያ ፈገግታ በቃው። በሳምንቱ ኡጁሉ ተጠርቶ ሦስት ሳምንት ታስሮ ወጣ፤ ሲወጣ የዝውውር ደብዳቤ ጠበቀው። ዲማ። ያኔ ዲማ ወርቅ ቆፋሪ እንጂ ሌላ ሰው በፈቃዱ የሚሄድበት አልነበረም፤ መንገዱ በክረምት ይዘጋል፣ ወባው ጠንካራ ነው። ሚስቱን አቻንንና ልጆቹን እዚህ ትቶ ብቻውን ሄደ። እናቱ ኢታንግ ስትሞት ወሬው የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው። ጀልባዋ ግን አልተመለሰችም፤ ሹሙም ሱፉን ለብሶ ስብሰባው ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር በጣም አምሮበት ነበር፣ የትከሻው አቀማመጥ ዛሬም ያኮራኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እኔ።

ኮአንግ በዚያው ሳምንት ከማታር መጥቶ ለጭነቱ ፈቃድ ፍለጋ ሹሙ ቤት ሲገባ ታይቶ ነበር። ፈቃዱን አገኘ፣ ጭነቱን ሸጠ፣ ምንም ሳያውቅ ተመለሰ። ከተማው ሁለቱን ነገር አጣመረና ፍርድ ሰጠ። አንድ ቀን አቻን በረንዳዬ ላይ መጥታ ቆመች። ታናሿን ልጅ ይዛለች፤ ይቺው አኬሎ ናት፣ ያኔ ቆማ መሄድ የጀመረች። “ሰይድ፣ ሰው ሁሉ ኮአንግ ነው ይለኛል። አንተ አብረሃቸው ነበርክ። እሱ ነው?” አለችኝ። ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም። “ሊሆን ይችላል” አልኳት። ሁለት ቃል ብቻ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጬ ልይዘው ብችልም አልሮጥኩም። ለራሴ የነገርኩት ምክንያትማ ሞልቶኛል። ነገሩ ሲበርድ እነግራታለሁ አልኩ። ኮአንግ ሩቅ ነው የሚኖር፣ ነጋዴ ነው፣ ይችለዋል አልኩ። እኔ እዚህ ዘመድ የለኝም፣ ብገለል ማን እኔ ዘንድ ልብስ ያሰፋል አልኩ። አልሸሹም ዞር አሉ ይላል የአገሬ ሰው።

ኮአንግ በተከታዩ ክረምት ሲመጣ ሰላምታ የሚመልስለት አጣ። ግራ ገብቶት እኔ ዘንድ መጣና የተባለውን እዚያው በረንዳ ላይ ሰማ። “አንተ ሰይድ፣ እኔ ነኝ ብለህ ታምናለህ?” አለኝ። ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ነው። “እኔ ምን አውቃለሁ” አልኩት። ሁለተኛ ሱሪ አላሰፋኝም።

ኡጁሉ ከስንት ዓመት በኋላ ከዲማ ሲመለስ ከስቶ፣ ጠጉሩ ነጥቶ ነበር። ካልሲው ቀርቷል፣ ሱሪ ነው የሚለብሰው። ከበረንዳዬ ግን አልቀረም፤ ሌላ መንግሥት መጥቶ፣ ሌሎች ሹሞች መጥተው፣ እኛም አርጅተን ሁሉ ይመጣና ይቀመጣል። ወጣቶቹ ስለ አዲሶቹ ሹሞች ሲያወሩ እሱ መንገዱን ያያል። አንድ ቀን “አንተስ ምን ትላለህ?” ብዬ ጠየቅኩት፣ የድሮውን ኡጁሉ ናፍቄ። “እኔ ምንም አልልም” አለኝ። እስከ ዕለተ ሞቱ ማንንም ሹም፣ የራሱንም የሰውንም፣ ሲያማ አልሰማሁትም። ስለ ኮአንግም እኔ ፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳው። “የሌላው አላመመኝም፤ እሱ ግን ጓደኛዬ ነበር” አለ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሻይ በእጄ ይዤ፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

አምና ኡጁሉ ሲያርፍ ለቅሶው ግቢያቸው ውስጥ፣ ሸራ ተወጥሮ ነበር። እኔን ከቤተሰቡ ጋር፣ መደገፊያ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ “የአባታችን ወዳጅ” እያሉ ለእንግዳ ሁሉ አስተዋወቁኝ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኮአንግ መጣ። ያን ሁሉ መንገድ ከማታር፣ በጀልባም በመኪናም፣ በከዘራ እየተደገፈ። ሱሪው አጭር ነበር፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ። ማን እንደሰፋለት እንጃ። ሸራው አፍ ላይ ሲደርስ ሁለት ወንዶች ተነሥተው በደረታቸው መንገዱን ዘጉበት። አልተከራከረም። ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ሄዶ በከዘራው ተደግፎ ቆመ። ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ቆመ። ወንበር ያወጣለት የለም፤ ውሃ እንኳ ያቀረበለት የለም። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ ልነሳ አልኩ፤ አንዴ እንዲያውም ተነሥቼ ነበር፣ ሽንት ቤት የፈለግሁ መስሏቸው መንገድ አሳዩኝ፣ እኔም ሄድኩ። ስመለስ አሁንም ቆሟል። በኋላ ኡጁሉ ወደተቀበረበት በኩል ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገና ሄደ። እኔ ደግሞ ምግብ ቀርቦልኝ በላሁ። መብላቴን ነው እስካሁን ለማንም ያልነገርኩት፤ የቀረውን ይቅር የሚል ሰው ቢገኝ እንኳ መብላቴን ማን ይቅር ይለኛል?

“ጋሽ ሰይድ፣ ይምጡ” አለች አኬሎ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ክንዴን ልትይዝ ስትል እጇን ያዝኩት። “ልጄ፣ ኮአንግን ጥሩት” አልኳት።

“ማንን?”

“ኮአንግን። ለመታሰቢያው ጥሩት።”

ፈገግ አለች፤ የማዘን ፈገግታ ነው። “ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ደግ ስለሆኑ ነው። አባባም ሲመክረን ‘ሰይድን እዩ፣ ሰው በክፉ አያነሳም’ ይል ነበር።”

ይህን ባትለኝ ምናልባት አሁንም ዞር እል ነበር። “ደግ አይደለሁም” አልኳት። “ለሹሙ የነገርኩት እኔ ነኝ። ኮአንግ ምንም አያውቅም።” ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሱፉን፣ መስታወቱን፣ ስፒሎቹን፣ ለእናቷ የመለስኩትን ሁለት ቃል። መሐል ላይ “ስም ግን አልጠራሁም” የሚል ነገር ከአፌ ሊወጣ ሲል ያዝኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የተሸሸግሁበት ጥግ ነበርና እግሬ ለምዶት ነው። “ፈገግታዬ ስም ከመጥራት አይተናነስም፣ እኔ ነኝ” ብዬ ጨረስኩ። ኮሪደሩ ላይ እነዚያ ሰዎች አሁንም ሹሞቻቸውን እያነሱ ይሳሳቃሉ።

አኬሎ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጨርቁን በጉልበቷ ላይ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አጠፈችው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

“ለቅሶው ላይ ከአጠገቤ ነበሩ” አለች በመጨረሻ።

“ነበርኩ።”

“ዛፉ ሥር ቆሞ አይተውታል።”

“ቀኑን ሙሉ አይቼዋለሁ።”

በሩ ተንኳኳ፤ “ቆይ” አለች። ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሳችም።

“አጎቴ ውሃ ይዞ ተነሥቶ ነበር፣ ሽማግሌ ነው ብሎ” አለችኝ። “‘ተወው፣ ይጠማው’ ብዬ ጣሳውን ከእጁ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያፈርኩት በራሴ ሥራ ብቻ ነበር። በእሷ እጅ ያሠራሁትን ገና ያን ጊዜ ነው ያየሁት።